በአባቴ ሱቅ ደጅ ያለፈችው ልጅ

ሰው ደጄ ቆሞ ግድግዳዬን ሲያይ ደስ አይለኝም። በዚህ ከተማ መጀመሪያ አንድ ሰው መጥቶ ያያል፤ ቀጥሎ ሜትር የያዙ ይመጣሉ፤ ከዚያ ቀይ ቀለም ይቀባል። ከእኔ ከፍ ብለው የነበሩ ሁለት ጎረቤቶቼ በዚሁ መንገድ ነው የተነሡት። ባለፈው መስከረም ያቺ ልጅ ከአስፋልቱ ማዶ ቆማ አንዴ ስልኳን አንዴ ቤቴን ስታይ ባገኘኋት ጊዜ ታዲያ ወንበሬን ስቤ በሩ መሐል ተቀመጥሁ። ሰው የተቀመጠበትን በር ለመለካት አይመችም ብዬ ነው። ልጅቱ መንገዱን ተሻግራ መጣችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ይህ ቤት ድሮ የጨርቅ ሱቅ ነበር ወይ፣ በሩስ ባለ ሁለት መዝጊያ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማን እንደላካት ጠየቅኋት። ማንም አልላከኝም፤ ድሮ ባሕር ዳር ውስጥ የተሠራ አንድ ፊልም አለ፤ የተቀረጸባቸውን ቦታዎች እየፈለግሁ ነው አለች። ብዙ ማታለያ ሰምቻለሁ፤ ይኼኛው ግን አዲስ ሆነብኝ። እኔ እንኳ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፣ አላውቅም አልኋት። የተወለድሁት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ባለው ክፍል ነው።

በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። ስሟን ቤዛዊት ብላ ነገረችኝ፤ ትራፊክ ያስቆማት ይመስል መታወቂያዋን ሳይቀር አሳየችኝ። መታወቂያ ሳይጠየቅ የሚያሳይ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። እኔ ፊቴን ሳልፈታ ስቀር ስልኳን ከፍታ ዘረጋችልኝ። ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው፤ ዝናብ የሚዘንብበት ይመስል እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን ሱቅ ነው። ባለ ሁለቱ መዝጊያ ተከፍቶ፣ የአቡጀዲው ጣቃ እንደ ግንድ ተደርድሮ፣ በረንዳው ላይ የልብስ ሰፊው መኪና ተቀምጦ። ከዚያ አንዲት ልጅ ጃንጥላ ይዛ በሱቁ ደጅ አለፈች፤ አለፍ ብላም አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ አየች። እስከ አሥር ብትቆጥር ያልቃል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የቀሚሱን ቀለም አውቀዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው። የእኔ ነው።

ስልኩን መለስሁላትና፣ «ልጅቱን አላውቃትም» አልኋት። ቤዛዊት ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ስለ ልጅቱ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ያን ዘመን ዓመቱን ጥሪ ብባል እሳሳታለሁ። ማን ነግሦ ማን ወርዶ እንደነበረም ለሚያውቁት ልተው። እኔ የምጠራው ሌላ ነው። ፖፕሊን በያርድ ብር ከስሙኒ ነበር፤ ካኪ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ክሬፕ የሚገዛው ለሠርግ ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሻይ ቤት ደግሞ ሬዲዮ ስለነበረው ዘፈን ሲጀምር አላፊው ሁሉ እዚያ ቆሞ እስኪያልቅ ይሰማል። ዛሬ በዚያ ማዕዘን የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ሙዚቃው ከአምስት ሱቅ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ አንዱንም የሚሰማው የለም። ፋብሪካው ደመወዝ የከፈለ ቀን ወጣቶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፊ፣ ጠጉራቸው እንደ ጎጆ የከበበ፣ ማበጠሪያቸውን ከኋላ ኪሳቸው ሰክተው ዘንባባ በዘንባባ በሆነው መንገድ ይወጡና ይወርዱ ነበር። አባቴ ሐጂ ሰይድ ቆጣሪው ጀርባ ተቀምጠው ያዩዋቸውና፣ ይህን ሁሉ ጨርቅ እግር ላይ ማባከን ምንድን ነው ይሉ ነበር። ጨርቁን የሚሸጡላቸው ግን እርሳቸው ናቸው።

ሮማን የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ከድሬዳዋ ተዛውረው ነው የመጡት። ጮክ ብላ ትስቃለች፤ በየንግግሯ መሐል «አቦ» ትላለች፤ እናቴ መጀመሪያ ትደነግጥ ነበር፣ በኋላ ግን ሮማን ካልመጣች ቤቱ ቀዘቀዘ ትል ጀመር። ሁለታችንም መምህር እንሆናለን እንባባል ነበር። እኔ በሒሳብ እበልጣታለሁ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትበልጠኛለች፤ የቤት ሥራ የምንሠራው አንድ ላይ ስለነበር ደብተራችንን ያየ መምህር ማን ከማን እንደገለበጠ ለይቶ አያውቅም።

የፊልም ሰዎቹ የመጡት በአንድ ላንድሮቨርና በአንድ የጭነት መኪና ነው። አለቃቸው ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ያዲስ አበባ ሰው፣ ካሜራውን የሚይዘው ደግሞ ፀሐይ ፊቱን ያቀላው ፈረንጅ ነበር። ታሪኩ የአንድ ጀልባ ነጂና የአንዲት የከተማ ልጅ ፍቅር ነው ተባለ። ለአባቴ ሽማግሌ ልከው የሱቁን ደጅ ለአንድ ቀን ጠየቁ፤ አባቴም ፈቀዱ። አለቅየው እኔን ያየኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር በመጣ ጊዜ ነው። ጀልባ ነጂው መንገድ ላይ ፍቅረኛውን የምትመስል ልጅ አይቶ ተሳስቶ የሚከተልበት ቦታ አለ፤ አንቺ ያቺን ልጅ ትሆኛለሽ አለኝ። ንግግር የለውም፤ ጃንጥላ ይዞ ማለፍና አንዴ ዞር ማለት ብቻ ነው። ፍቅረኛዋን ሆና የምትሠራው ተዋናይት እንደምትለብሰው ያለ ሰማያዊ ክሬፕ ቀሚስ ያስፈልግ ነበር፤ የዚያን ዓመት ለኢድ የተሰፋልኝ አለ። አባቴን መጠየቅ የማይታሰብ ስለሆነ እርሳቸው አንበሳሜ ገበያ በሚሄዱበት ጊዜ እንዲሆን ከሮማን ጋር ተማከርን። አንበሳሜ ሲሄዱ ሁለት ቀን ይቆያሉ። ቀሚሱን አስቀድሜ እሷ ቤት ደበቅሁት። ከሮማን በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ሐይቁ ዳር ነበር። እዚያ ብዙ ሰው ከጀልባ ሲወርድ ይታያል፤ እኔም ሮማንም መሐላቸው ነበርን። ማታ ማታ የሚሸተውን የሐይቅ ሽታ ታውቃላችሁ፣ ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ ሸተተኝ፤ ከደስታ የተነሣ ነው መሰለኝ። ሲያልቅ ሮማን ቤት ሄጄ ልብሴን ስቀይር ሮማን ዳቦ ገዝቼ ልምጣ ብላ ወጣች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር። ዳቦው አልቋል አለችኝ፤ እኔም ምንም አላልሁም። ቤቴ ስገባ አባቴ ከአንበሳሜ ተመልሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

አልጮኹም። «ሰው ነግሮኛል» አሉ። ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሮማን ናት ወይ አልሁ። ዝም አሉ። ዝምታቸውን አዎ ብዬ ወሰድሁት።

በማግሥቱ እኔ ጓዳ ተቆልፎብኝ እያለሁ የቀረጻው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። አባቴ ቃል ሰጥቻለሁ ብለው ደጁን አልከለከሉም፤ ልጄን ግን አትቀርጹም አሉ። በእኔ ቦታ ሮማን አለፈች። ቀሚሱ እሷ ዘንድ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ትምህርቴን ትቼ ወረታ ለአንድ የእህል ነጋዴ ተዳርሁ። ባለቤቴን አላህ ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር፤ አምስት ልጆች ወልደን አሳድገናል፤ ስለ እርሱ ክፉ አልናገርም። ነገር ግን ጠመኔ በያዘ ሰው ፊት ባለፍሁ ቁጥር አንድ ስም ነበር የሚመጣብኝ። ሮማን መምህር ሆነች። ባለቤቴ ሲሞት ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ እነሆ ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ ከተማ ኖረናል። ገበያ ላይ ስንገናኝ እሷ ቆማ ሰላም ልትለኝ ትሞክር ነበር፤ እኔ አንገቴን ነቅንቄ አልፍ ነበር። አሁን አሁን ግን ገበያ ላይ አላያትም።

እንግዲህ ያቺ ልጅ ስልኳን ስታሳየኝ የተቀሰቀሰው ይህ ሁሉ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሐይቁ ዳር የተቀረጸውን ቦታ ማግኘት አቅቶኛል፣ ዕድሜ ጠገብ ሰው ካላገዘኝ አይሆንም አለች። እዚያኛው ላይ እኔም እንዳለሁ አልነገርኋትም። አብሬሽ ልሂድ አልኋት። ለራሴ የነገርሁት ምክንያት ልጅቱ ምን እንደምትፈልግ ለማወቅ ነው የሚል ነበር። እውነቱ ግን የአሥራ ሰባት ዓመቷን ራሴን ማየት አምሮኝ ነው። ያን ጊዜ ፊልሙ አዲስ አበባ ታየ ሲባል ሰማን እንጂ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ነው የጠፋው።

ባጃጅ ይዘን ወረድን። የሐይቁ ዳር ዛሬ አጥር በአጥር ነው፤ ግማሹ መዝናኛ፣ ግማሹ ግንባታ። አንድ ዘበኛ ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ አገደን፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁና አልተቀየምሁትም። ቤዛዊት ሥዕሉን እያሳየች ስትለማመጠው አሳለፈን። በፊልሙ ላይ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃና አንድ ትልቅ ዋርካ ይታያል። ዋርካው ከተቆረጠ ቆይቷል፤ የት እንደነበረ የማውቀው እኔ ነኝ። ከደረጃው ከሣር ስር ሦስት ድንጋይ ብቻ ቀርቷል። ቤዛዊት በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ ቆማ፣ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ወደ ግራ ሄዳ፣ አዎ እዚህ ነው ካሜራው የቆመው አለች። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አሁን አሳዪኝ አልኋት።

ሰዎቹ ከጀልባው ይወርዳሉ። ቅርጫት የያዘ አለ፣ ዶሮ የያዘ አለ። መሐላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ አትሳቁ የተባለውን ረስታ ትስቃለች። እናቴን ትመስላለች። ከልጆቼም አንዷን ትመስላለች። ድገሚልኝ አልኋት። በሦስተኛው ድግግሞሽ ዓይኔ ከልጅቱ ላይ ተነሥቶ ከኋላ ዋርካው ስር ወደቆሙት ተመልካቾች ሄደ። አንድ ሰው እጁን እጅጌው ውስጥ ሳያስገባ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል። ቆብ አድርጓል። አንድ ጎረምሳ ከፊቱ ሊቆም ሲል በከዘራው ገለል አደረገውና ማየቱን ቀጠለ። ቤዛዊት በጣቶቿ ሥዕሉን አሰፋችልኝ። ኮታቸውን እንደዚያ የሚደርቡ በከተማው አንድ ሰው ነበሩ።

ቤዛዊት ምን እንዳየሁ ጠየቀችኝ።

«አባቴን» አልኋት።

አንበሳሜ አልሄዱም ነበር። ለምን እንደቀሩ አላውቅም፤ ምናልባት አውቶቡሱ ሞልቶ፣ ምናልባትም መጀመሪያውኑ ጠርጥረውኝ ይሆናል፤ ጥርጣሬ የወረስሁት ከማን ሆነና። ማንም አልነገራቸውም። በዓይናቸው አይተዋል፤ ጎረምሳውን ገለል አድርገው እስከ መጨረሻው አይተዋል። ቆሜ ልጄን ስትስቅ አየሁ ማለት ከበዳቸውና ሰው ነግሮኛል አሉ። እኔ ስም ስሰጣቸው ደግሞ ዝም አሉ። ያን ዝምታ ተሸክሜ ሃምሳ ዓመት ያህል አንዲት ሴት ላይ ፈርጄ ኖሬያለሁ።

ቤዛዊት አጠገቤ ተቀመጠች። ያልነገርኩዎት ነገር አለ አለችኝ። አያቴ ሮማን ናት አለች። አውቃለሁ አልኋት። ማወቅ እንኳ አላውቅም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ከደጄ ስትሄድ አንገቷን ወደ ኋላ ስትመልስ አይቼ አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር እንጂ። አያቷ፣ ስሜን ከጠራሽ በር አትከፍትልሽም ብላት ነው የደበቀችኝ። ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው ልጅቱ ናት። ሮማን ስኳር ዓይኗን ስለወሰደባት አላየችውም፤ ልጅቱ እያየች ትነግራታለች፤ ቦታዎቹን እየዞረች ምን ቀረ ምን ፈረሰ ብላ ታወራላታለች። እኔ ግን ወዲያው አላመንሁም። ሮማን አባቴ እዚያ እንደቆሙ አውቃ፣ ንጽሕናዋን እንዳይ ብላ ሆን ብላ ልካብኝ ይሆን አልሁ። ልጅቱን አስጨንቄ ጠየቅኋት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ ገና ከእርስዎ ሰማሁ አለች። ዓይኗን አየሁት፤ አልዋሸችም።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው፣ ጁምዓ ነበር፣ ከሶላት በኋላ ሮማን ቤት ሄድሁ። ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ ግቢው ውስጥ ሁለት የማንጎ ዛፍ አለ። ሮማን ጥላው ስር ተቀምጣ ነበር። ጠጉሯ ፍጹም ነጭ ሆኗል። ሰላምታዬን ስትሰማ ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች። «ዘሀራ» አለች፤ መጠየቅም አልነበረም። ቤዛዊት ወንበር አምጥታልኝ ወደ ውስጥ ገባች።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ዋርካው ስር ያየሁትን ብቻ ነገርኋት። አባቴ ራሳቸው ነበሩ፤ ሰው አልነገራቸውም፤ አንቺን ያለ ጥፋትሽ ነው የጠላሁሽ፤ አውፍ በይኝ አልኋት። እኔ በሕይወቴ አውፍ በይኝ ያልሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሻከረኝ።

ሮማን ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱ ይሰማል።

«እኔ ግን ነግሬ ነበር» አለች።

አልገባኝም። ለማን ብዬ ጠየቅሁ።

«ለእናትሽ። ዳቦ ልግዛ ብዬ የወጣሁ ጊዜ። አቦ፣ ያን ቀሚስ ለብሼ እኔ እንዳልፍ ነው የፈለግኩት። የቀደመውን ሌሊት ሙሉ እሱን ሳስብ ነበር ያደርኩት። ሮጬ በጓሮ በር ሄጄ፣ ዘሀራ ፊልም ልትሠራ ነው አልኳቸው።»

ከተቀመጥሁበት ልነሣ አልሁ። ታዲያ እናቴ ናት ለአባቴ የነገረችው ማለት ነው አልሁ በሆዴ፤ ጥርጣሬ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ለመውጣት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሮማን ግን ቀጠለች። «እናትሽ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? እጄን ይዘው፣ እንደዚህ ጠበቅ አድርገው፣ 'ሰሞኑን ስትዘፍን የሰማሁት ለዚህ ነው? ተያት። አባቷ ዘንድ እንዳትደርሺ፤ ለማንም እንዳትናገሪ' አሉኝ። አፍሬ ተመለስኩ። አባትሽ ግን በዚያው ቀን ያዙሽ። እኔም ከእናትሽ አፍ አምልጦ ነው፣ መነሻው ግን እኔ ነኝ ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ።»

ለምን ዛሬ ነገርሽኝ አልኋት። ነጻ ባወጣሁሽ ሰዓት ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር።

«ለዚያ ነው» አለች። «አንቺ ይቅርታ ስትለምኚኝ ዝም ብል ሁለት ጊዜ እንደበደልኩሽ ነው።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላልኋትም። አላወጣውም አለኝ። አላህ ይስጥሽ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ቤዛዊት ባጃጅ ልጥራልዎት ብትለኝ እምቢ ብዬ በእግሬ ሄድሁ። ዘንባባዎቹ ስር ስደርስ ግን የማስበው ሮማንን አልነበረም። እናቴን ነው። ስለ እናቴ የማውቀው ዝምታዋን ነበር፤ ስዳር ዝም አለች፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ዝም አለች፣ አቅም የላትም እል ነበር። ለካ አውቃ ነበር። ጓዳ ሆና ዘፈኔን ስትሰማ፣ ልጄ ደስ ብሏታል ብላ ባሏን ፈርታ ሳለ ምስጢሬን ይዛልኝ ነበር። እስክትሞት ድረስ አልነገረችኝም። ምናልባት ትጠይቀኛለች ብላ ጠብቃኝ ይሆናል። እኔ ሌላ ሰው ስጠረጥር እሷን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

በሳምንቱ ቤዛዊት ደወለች። አያቷ ሐይቁ ዳር መሄድ ፈልጋለች፤ ቦታውን የሚያውቅልን ሰው ግን የለም አለችኝ። ይህም የሮማን ዘዴ ነው አልሁ በሆዴ። ዘዴም ቢሆን ሄድሁ።

ሦስታችንም ደረጃው ዘንድ ቆምን። ዘበኛው ዛሬ አላገደንም። ሮማን ዋርካው አለ ወይ አለችኝ። ተቆርጧል፣ ጉቶው ነው ያለው አልኋት። ውሃውስ አለች። ዳር ዳሩን እምቦጭ ይዞታል፤ መሐሉ ግን ንጹሕ ነው፤ አንድ ታንኳ ወደ ደቅ ደሴት አቅጣጫ እየሄደ ነው፤ ሁለት ሰው ነው የያዘው አልኋት። ቤዛዊት ፎቶ ልታነሣን ወደ ኋላ ራቀች። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ሮማን እጇን ዘርግታ በአየር ላይ ስትፈልግ ቆየችና ክንዴን አገኘችው። ያዘችኝ። አላስለቀቅኋትም።